ከጋጣ የማትወጣው በቅሎ

ተረት ተረት ብዬ መጣሁ፤ ቦታ ልቀቁልኝ። አንዲት በቅሎ ለሠርግ ብቻ ትጫን ነበር፤ በሌላው ቀን ሁሉ ጋጣዋ ውስጥ ቆማ ገብስ ትበላለች። ጎረቤቷ አህያ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ሲወርድ ደጇ ላይ ይቆማል።

«እመቤቴ፣ ደርሶ መልስ ስድስት መቶ እርምጃ ነው፤ እግርዎን ያፍታቱ እንጂ።»

«ያለ ኮርቻ? ውሃ ቀጂ መሰልኩህ እንዴ!» ትለዋለች።

በሦስተኛው ዓመት ወንዙ ደረቀና ከብቱ ሁሉ ወደ ሩቅ ውሃ ተሰደደ። በቅሎዋም አብራ ወጣች፤ ግን ገና መንደሩን ሳትለቅ በመቶ ሃያኛው እርምጃ ጉልበቷ ከዳት።

«አያ አህያ፣ ጠብቀኝ! ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እሄዳለሁ።»

«እመቤቴ፣ ውሃው የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ልጆቼም ጠምቷቸዋል» አለና አቀርቅሮ አለፈ።

በቅሎዋ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ በኋላ የራሷን ትንፋሽ ብቻ ትሰማ ነበር።