የእብሬ አራት ጥማድ

አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር ነበር። ለአንድ ጥማድ አራት ሺህ ስድስት መቶ፣ ለአራት ጥማድ ማለት ነው። ማሽላቸውን በረዶ ለመታባቸው ገበሬዎች መንግሥት የሰጠው ድጎማ ነው፤ ብድር አይደለም፣ አይመለስም።

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ግርጌ፣ ከመስጊዱ በታች፣ ሸህ ሙሄ የሚባሉ አላህን ፈሪ ገበሬ ይኖሩ ነበር። አባታቸው ስምንት ጥማድ መሬት ትተው አልፈዋል፤ አራቱ የእሳቸው፣ አራቱ የታናሽ ወንድማቸው የእብሬ። እብሬ ሥራ ፍለጋ ባሕር ከተሻገረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ስምንት ዓመት ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሸህ ሙሄ የእሱን መሬት የእኩል እያረሱ፣ ከምርቱ ግማሽ የሆነውን የእብሬን ድርሻ እየሸጡ በግ ይገዙለት ነበር። በጎቹ ሃያ ሦስት ደርሰዋል። አማና፣ የሰው አደራ ናቸውና አንዷን እንኳ ለራሳቸው አልነኩም።

በዚያ ዓመት ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ሞተ። የራሳቸው ድጎማ ብቻውን በሬ አይገዛም፤ የእብሬ ሲጨመርበት ይገዛል። ይህን ጎረቤታቸውና ሂሳባቸውን የምይዝላቸው እኔ ራሴ አስልቼ ነግሬያቸዋለሁ።

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢ አወል ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«ሸሆዬ፣ ባለመሬቱ ካልቀረበ ወራሹ ነው የሚወስደው። ሞቷል ብለው ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። እርስዎ በጣትዎ ያትሙ፣ ዛሬውኑ ይወጣል።»

ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ማንንም የማይጎዳ፣ አንድ ቤት የሚያቆም ፊርማ ነው ብዬ ነበር።

ሸህ ሙሄ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ቀጥ አሉ።

«ልጄ፣ እብሬ መሞቱን ማን አየ?»

ከኋላ ወረፋ የያዘ አንድ ጎረቤት «ኧረ ሸሆዬ፣ እብሬ በሕይወት ቢኖር የዚህን ብር ሽታ ሰምቶ በመጣ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

«እውነትህን ነው፣ ብር ይወድ ነበር። ልጆች ሳለን የዒድ ሳንቲሜን ሁለት ጊዜ ሰርቆኛል።»

ከዚያ ቀለም የነካውን ጣታቸውን አዩ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ‹ያረብ፣ እብሬን መልስልኝ› ስል ኖሬያለሁ። ይህን ካተምኩ ዛሬ ምን ልበል? ‹ማርልኝ› ልበል? ‹መልስልኝ› ካልኩስ በጌታዬ ፊት ውሸታም አልሆንም?»

«ወረቀት እኮ ነው፣ ሸሆዬ» አለ አወል ዝግ ብሎ።

«ወረቀቱ የናንተ ነው። ጣቱ ግን የኔ ነው።» ቀለሙን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት።

እኔም ፊርማዬን አሰረዝኩ።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው ሩቂያ በር ላይ ቆመው «የእብሬን ጨመሩልን?» አሉ።

«አልጨመሩም። እብሬ አለ።»

ሩቂያ ባዶውን የበሬ ማሰሪያ አዩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጠነ።

በዚያ ክረምት ሸህ ሙሄ አንዱን በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ቀን ቆጥረው እየተፈራረቁ አረሱ። ስምንቱን ጥማድ ማዳረስ አልቻሉም። ጦም ያደረው ሁለት ጥማድ ከራሳቸው ድርሻ ነበር፤ የእብሬ ሙሉውን ታርሷል። ለምን እንዲህ አደረጉ ብላቸው «የቀረ ሰው ቦታ አማና ነው» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን በየጁምዓው እንሰማለን። እኔ ግን ሐሰት የሚጎዳው የሚዋሽበትን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ናፍቆትንም እንደሚያበላሽ ያየሁት በእሳቸው ነው። የሚጠብቁትን ሰው ለጥቅም ከቀበሩ በኋላ መልሶ መጠበቅ አይቻልም።

እብሬ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሸህ ሙሄ ባለፈው የሸዕባን ወር ወደ አኼራ ሄዱ። ሂሳቡን ዘግቼዋለሁ። የጠፋው፦ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር፣ አንድ በሬ፣ የሁለት ጥማድ ማሽላ። የተገኘው፦ ከዚያ ቀን እስከ ሞቱበት መግሪብ ስድስት ዓመት ከአራት ወር፣ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ በላይ «መልስልኝ»፣ አንዱም ሐሰት የሌለበት። በጎቹ በእሳቸው አደራ አሁን በእኔ ግቢ ናቸው። ትናንት ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የእብሬ።