የታሰረው ቾክ

ትናንት ሕዝቡን አዳራሽ ውስጥ ቆልፈውበት ሲናገሩ የዋሉት የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ገብረየስ፣ ዛሬ ደግሞ ሞተር ሳይክላቸው ጥቁር ጭስ እየተፋ መንገድ ላይ ቀጥ አለባቸው። አስገፍተው መካኒክ ዘንድ አደረሱት። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ካርቡራተሩን ቢያይ፣ ለጠዋት ብርድ ብቻ የሚሳበው የአየር መዝጊያ፣ ቾኩ፣ እንዳይመለስ በሲባጎ ታስሯል። ያሰሩት ራሳቸው አስተዳዳሪው መሆናቸው ገባውና ሳቁን ዋጠ።

«ማን ነው ያበላሸብኝ? በሰው ፊት ስሙን ጥራ! አለዚያ ጋራዥህን አሽገዋለሁ!» ብለው አፈጠጡበት።

«ኧረ ማንም አላበላሸውም፣ ክቡር አስተዳዳሪ» አለ ሲባጎውን እየፈታ። «አየር አጥቶ ነው፤ ልክ ትናንት አዳራሹ ውስጥ እንደ እኛ። ግን እሱ ታድሏል፤ ሲታፈን ቀጥ ይላል። እኛ እንደታፈንን አጨበጨብን።»