ሰባተኛው ክፍል ላይ የሄደው መብራት

አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሻይ የምታዞር፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ቢሮው በሙሉ ሥራውን ትቶ፣ ከድሮው የጠፈር መርከብ ድራማ ደካማው ክፍል የትኛው ነው እያለ ይከራከራል። ሰባተኛውን የጻፉት አለቅየው አቶ ድንበሩ ስለሆኑ ግን ያንን ክፍል የሚጠራ ጠፋ።

አቶ ድንበሩ ልጅቷን ጠሩና፣ «እስቲ አንቺ ፍረጂ፣ ሰባተኛው እንዴት ነው? ብትዋሺም፣ ደካማ ነው ብትዪም ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰፈራችን ውስጥ በእርስዎ ክፍል ያማረረ አንድም ሰው የለም» አለች።

አቶ ድንበሩ ደረታቸውን ነፉ።

«ሌሎቹ ሲታዩ መብራት ከሄደ፣ ሰዉ እየተራገመ መብራት ወዳለው ጎረቤት ይሮጣል። በእርስዎ ጊዜ ሲሄድ ግን ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም፤ መብራቱ ሲመጣም ቴሌቪዥኑን የከፈተ የለም።»