የሸንበቆ ገብርኤል የክርስትና ጥያቄ

የተቀደሰውን ምሥጢር ከጎረምሳ ጉዳይ ጋር ማዳበል ነውር መሆኑን አጥተነው አይደለምና አንባቢ አስቀድሞ ይቅር ይበለን፤ ዝም ብንል በወደድን ነበር፣ ግን እንግዳ ሁሉ እየተሳሳተ አስቸገረን። በሸንበቆ ገብርኤል ወንድ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ካህኑ ሕፃኑን ለክርስትና አባቱ ከማስታቀፉ በፊት «እናቱን ነው ልጁን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየውም «ልጁን» ይላል። ጥያቄው የመጽሐፍ ቃል መስሏቸው ብራና ሲያገላብጡ ዓይናቸው የደከመ ደብተራዎች እንዳሉ ይነገራል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ቢምረው ከተባለ ንብ አናቢ ነው። ቢምረው ጠጂቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወዳት ለሌላ ተድራበት፣ ባሏም እርጉዝ ሳለች ሞቶባት፣ እሱ ሐዘኗ እስኪወጣ ጠብቆ ሽማግሌ ሊልክ አጎቱን መርጦ ነበር። በልጇ ክርስትና ዕለት ታዲያ ልጁን ሊያነሣ ቃል የገባው ሰው ወንዝ ሞልቶበት ቀረ። መምሬ ፈንታ «የሚያነሣው ወንድ የለም?» ቢሉ፣ የጠጂቱ ዓይን እንባ ማቅረሩን ያየው ቢምረው «እኔ አለሁ» ብሎ ዘው አለ። አጎቱ ነጠላውን ከኋላ ይዞ ቢጎትተው፣ ተዛንፎ የሚያስተካክልለት መስሎት «ተወው፣ ይበቃል» አለው። ሰይጣንን ሲክድ ድምፁ ከቅጥሩ ውጭ ተሰማ ይባላል።

ጠጂቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ» ስትለው ነው፣ ሕፃኑን ማንሣቱ እናቲቱን እኅቱ እንዳደረጋትና ጋብቻ የሚባል ነገር እንዳበቃ የገባው።

ወደ መምሬ ፈንታ ሄደ። «አባቴ፣ እንዲያው ግማሽ አበልጅ የሚባል የለም?»

«ግማሹ የተጠመቀ ልጅ አይተሃል?»

«ታዲያ ይሄን ፍቅር የት ላድርሰው?»

«የትም አታድርሰው። ደጇ ስትደርስ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማህን አውልቅ።»

ቢምረውም ቃሉን እንዳለ ወስዶ ደጇ ላይ ጫማውን እያወለቀ አገር ሳቀበት። መጀመሪያ መጀመሪያ ማር ይዞ የሚሄደው እሷን ለማየት ነበር፤ ሐሰት አንናገርም። ውሎ አድሮ ልጁ እየዳኸ መጥቶ ጉልበቱን ተደግፎ መቆም ጀመረ። በጸሎቱም የጠጂቱ ስም ብቻውን ይነሣ የነበረው፣ የልጁ ቀደመው፣ ከዚያ የጎረቤት ልጆች ገቡበት፣ በመጨረሻ ቀፎውን የሰረቀው ሰውዬ ሳይቀር ተጨመረ።

ኋላ አንድ ደህና ገበሬ ለጠጂቱ ሽማግሌ ላከ። አባትም ወንድምም ስላልነበራት «አበልጄን ጠይቁ» አለች። ቢምረው «አይሆንም» ቢል እንደማታገባ አገር ያውቃል። እሱ ግን ሰውየውን አስጠራው።

«ልጁን ትወደዋለህ?»

«ኧረ እወዳታለሁ።»

«እሷን መውደድማ ቀላል ነው፤ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። የጠየቅሁህ ልጁን ነው።»

ሰውየው አፍሮ ልጁን አቀፈው፤ ልጁም ጢሙን ነጨበት፤ ሰውየው ሳቀ። ቢምረው ይህን አይቶ «በሉ መርቁ» አለ። ለሠርጉ ጠጅ ነጩን ማር የላከው እሱ ነው፤ በድግሱም ከሙሽራው ይበልጥ እንደ በላ ይነገራል።

ከዚያ ወዲያ ወንድ የወለደ ሁሉ ቢምረው ያንሣልኝ ማለት ጀመረ። ሳያገባ ሲሞት «አባቴ» እያለ አስከሬኑን ለመሸከም የተሻማው ጎረምሳ ብዛት ለወላድም አልሆነ። ቢምረው ገበሬውን የጠየቀውንም መምሬ ፈንታ ለደብሩ ሥርዓት አደረጉት፤ ዛሬም መልሱ ዘግየት ያለ እንደሆነ ካህኑ ሕፃኑን ለእናቱ መልሶ ሌላ ሰው ይጠራል።

ይህን ግን አደራ ማንም እንዳይደግመው፤ ወንደላጤዎቻችን ከሰሙ ክርስትና የሚያነሣ እናጣለን።