ምሳ ላይ የማይደርስ ጩኸት

አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው። ከቤቱ ደጅ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው መሬት የሱ፣ ሐይቁ መሃል ያለው ደሴትም የሱ ነበረ። በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ፤ የተበደለ ሰው ጌታው ደጅ ቆሞ «አቤት!» ካለ፣ ጌታው ሰምቶ ሳይፈርድለት እህል አይቀምስም። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ትልቅ ነውር ነው።

ይህ ባለጸጋ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ሦስት ዓመት ተዋጋ። አሸነፈ፤ ጎተራው ግን ተራቆተ። መጋቢውን ጠርቶ፣ «እህል ከየት እናምጣ?» አለው።

«እዚሁ ካሉት ገበሬዎች ነዋ፣ ጌታዬ። ድንበሩን ያስከበሩት ለእነሱ አይደል?»

«አንተ ሰው፣ ምሳዬን ልትነሳኝ ነው እንዴ? ነገ ደጄን ሞልተው አቤት ሲሉ ሊውሉ! ይልቅ ግብሩን ደሴቱ ላይ ባሉት ገበሬዎች ጣለው። የእነሱን ጩኸት ነፋስ ይበላዋል። ለምን ካሉህ፣ ለጥበቃችሁ ነው በላቸው።»

እውነትም ከደሴቱ እህሉ እንጂ ጩኸቱ አልመጣም። ባለጸጋው እፎይ ብሎ በላ። በሁለተኛው ዓመት ግን መጋቢው የአንድ ገበሬ ዘር ሳይቀር ሰፍሮ ወሰደ። ዘር ከሌለ ልጆቹ ከርሞ ምን ሊበሉ ነው? ገበሬው ታንኳውን ቀዝፎ መጣና ልክ በምሳ ሰዓት «አቤት!» አለ።

ባለጸጋው የጠቀለለውን ጉርሻ መለሰ። በገነ። ልማድ ነውና ዘሩን አስመለሰለት፤ በዚያው ግን «ከእንግዲህ ከደሴቱ አንድ ታንኳ እንዳይነሳ!» ብሎ አዘዘ።

ዓመቱ ዞረ። መጋቢው ከደሴቱ ተመለሰ።

«ዘንድሮስ ጮኹብህ?»

«ኧረ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፣ ጌታዬ።»

«ተመስገን! ለመዱት ማለት ነው።»

«አይ፣ እዚያ ዘሩን ያስመለሰው ገበሬ ደጅ ተሰብስበው አቤት ይላሉ። እሱም ሳይፈርድላቸው እህል አይቀምስም።»

«እህሌስ?»

መጋቢው ባዶውን ስልቻ መሬት ላይ አኖረው።

እንግዲህ ምናሴ፣ «ነገሥታት በባሕር ማዶ ቅኝ ግዛታቸው ላይ ለምን ግብር ይጥላሉ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ባለጸጋው እነሱ ናቸው። ጥበቃ የሚሉትን ተወው፤ እሱ አፍ ማሳመሪያ ነው። ለጦርነታቸው ያወጡትን ከአጠገባቸው ካለው ሰው ቢጠይቁ ምሳ አይበሉማ! ብቻ አንድ ነገር ያዝ፤ አቤት የሚልህ ሰው ገና ጌታዬ እያለህ ነው። አፉን የዘጋህ ቀን ጌትነትህን በገዛ እጅህ ለሌላ ሰጠኸው።