ደምመላሽ የተከላት ሐረግ

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ስሟ አንጓች ይባላል። ባሏ ደምመላሽ ከመሞቱ ሁለት ወር አስቀድሞ ከጓደኛው ቤት ሆያ ከምትባል ሐረግ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣ። ቅጠሎቿ ወፍራም ናቸው፤ ሰም የተቀቡ ይመስላሉ። ሥር እስክታወጣ ድረስ ውሃ በያዘ ብርጭቆ አስቀመጣት። ነጫጭ ሥሮቿ ብቅ ሲሉ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አፈር ሞልቶ ተከላትና የሳሎኑ መስኮት ላይ አኖራት።

"አበባዋን ለማየት ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለብን አሉኝ" አላት። "ቸኩለን የት ልንሄድ ነው።"

በዚያው ሳምንት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከእጁ ሥራ በሕይወት የቀረችው ያቺ ባለ አምስት ቅጠል ሐረግ ብቻ ነበረች።

ለቀብር ከገጠር የመጡት እናቱ እማማ ስንዱ እዚያው ሰነበቱ። ምራትና አማት በአንድ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ፣ አንድ ሰው እያሰቡ ይውላሉ። ስለ ሐረጓ ግን አይነጋገሩም። ሁለቱም ያደጉት አዲስ የተተከለ ነገር ዓይን ይበላዋል ሲባል እየሰሙ ነው። እንደ አራስ ልጅ ነው፤ አያወሱትም፣ አያሞግሱትም፣ ውሃውንም ሰው ሳያይ ነው የሚሰጡት።

አንድ ጠዋት አንጓች ከቅጠሎቹ አንዱ ተጨማዶ አየች። ጠምቷታል ብላ አጠጣቻት። በማግስቱ ቅጠሉ ባሰበት። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ስትከት ከትናንቱ ይልቅ ርሷል። እሷ ያፈሰሰችው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ የውሃ ጠብታ አገኘች።

ያኔ በለቅሶው ቀን የሰማችው ቃል ትዝ አላት። እማማ ስንዱ ደረታቸውን እየመቱ "ልጄን የበላው ይህ ቤት ነው" ብለው ነበር። ቤቱ ማለት እኔ ነኝ ብላ አሰበች። ልጄን በላሽብኝ የሚሉኝ ሴት እሱ በተወልኝ ነገር ላይ ምን እያፈሰሱበት ነው? አፈሩን አሸተተችው። የሆነ ሽታ ያለው መሰላት። ከዚያ ወዲያ አማቷ የሚያቀርቡላትን ሻይ እንኳ ቀድመው ካልጠጡ አትነካም።

ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ ከመሄዷ በፊት በጣሳውና በመስኮቱ እጀታ መካከል ጥቁር ክር ወጠረች። ማታ ስትመለስ ክሩ ተበጥሷል። በዚያው ቀን ደግሞ የውሃው ጆግ ላይ በከሰል የተሰመረች ትንሽ መስመር አየች። ይህማ መተት ነው አለች በሆዷ።

"እማማ፣ ይቺን ጣሳ ነክተዋታል?"

"ምን ልሠራ ብዬ። ባለቤቷ አንቺ አለሽ አይደል?"

"ክሩ ተበጥሷል እኮ።"

"የምን ክር?"

አንጓች የተበጠሰውን ክር በመዳፏ ጨብጣ ደበቀችው።

"አንቺስ" አሉ እማማ ስንዱ፣ "እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመጣ የጆጉ ውሃ ከምልክቱ በታች የሚወርደው ምን እየሆነ ነው?"

"የምን ምልክት?"

አሁን ደግሞ እማማ ስንዱ ጆጉን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በሳምንቱ ሁለት ቅጠል ረገፈ። ሦስተኛው ቢጫ ሆነ። አንጓች ጣሳውን አቅፋ ወንዝ ዳር ችግኝ ወደሚሸጡት ወደ ሽማግሌው ጋሽ ቢራራ ለመሄድ ተነሣች።

"እኔም እመጣለሁ" አሉ አማቷ ነጠላቸውን እያነሡ። "ሰውየው የሚለውን በራሴ ጆሮ ልስማ።"

ታክሲ ውስጥ ጣሳውን ሁለቱም ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ይዘው ሄዱ። አንዳቸውም አለቀቁም።

ጋሽ ቢራራ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው አሸተቱት።

"ማን ነው የሚያጠጣት?"

ሁለቱም ጣሳውን አዩ።

"ማንም አያጠጣትም? እንግዲያው ሳሎናችሁ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል ማለት ነው።"

አንጓች አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ።"

እማማ ስንዱ ዞረው አዩዋት። "እኔም አጠጣታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ሥራ ስትውል።"

"ሌላስ? ጎረቤት ቀርቷል?" አሉ ሽማግሌው። "ይቺ ስንቋን በቅጠሏ የምትይዝ ናት። አፈሩ እስኪደርቅ ብትተዋት አይከፋትም። ሥሯ ሲበሰብስ ግን ውሃ መሳብ ያቅታትና ቅጠሏ ይጨማደዳል። እናንተ ጠማት ትላላችሁ፤ እሷ ሰጥማለች።"

"ሌላ ነገር አልተደረገባትም?" አለች አንጓች። "መድኃኒት፣ ምናምን?"

"ንጹሕ ውሃ ነው የገደላት፣ ልጄ።"

እማማ ስንዱ ጥያቄው በማን ላይ እንዳነጣጠረ ገባቸው። "በልጄ ተክል ላይ? እኔ?"

"ልጄን የበላው ይህ ቤት ነው ብለው ነበር እኮ።"

"ያን ቀን የምለውን የማውቅ መስሎሽ ነው?" አሉ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ "እኔ ደግሞ እንድትሞት እየተውሻት መስሎኝ ነበር። ጆጉ ላይ በከሰል ያሰመርኩት ታጠጫት እንደሆነ ላውቅ ነው፤ ውሃው ሲጎድልም ለሌላ ነገር የቀዳሽው መሰለኝ። እሱን ለመርሳት የቸኮልሽ መስሎኝ" አሉ።

ጋሽ ቢራራ በምላጭ የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ። የተረፈችው ሁለት ቅጠል ያላት አንዲት አንጓ ናት። "አንድ ቀን ቁስሏ ይድረቅ፤ ከዚያ እንደገና በውሃ ትጀምራለች። ሥር ስታወጣ ትተክሏታላችሁ። ይህን ጣሳ ግን ጣሉት። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም።"

"አይጣልም" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

"የተከላት ሰው ቀዳዳ መብሳቱን ረስቷል እኮ።"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ደምመላሽ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት እሱ ተሳስቷል ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። እማማ ስንዱ ጣሳውን ገልብጠው ታችኛውን ፊት በመዳፋቸው አበሱት።

"ምስማር አለህ?" አሉ።

ሽማግሌው ሲያሰናብቷቸው አንድ ነገር አዘዙ፤ ውሃውን የምትሰጣት አንዷ ብቻ ትሁን።

"እማማ ያጠጧት" አለች አንጓች። ሐረጓ የእሷ ናትና ይህን ለማለት ከብዷት ነበር።

"ዓይኔ ደክሟል። አንቺ አጠጪ፤ እኔ እየጠየቅሁሽ እኖራለሁ።"

ሥር እስክታወጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። በተበሳው ጣሳ ከተተከለች በኋላ እማማ ስንዱ እንዳሉት በየቀኑ ይጠይቃሉ። አንጓች እውነቱን ትነግራቸዋለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሥራ ቦታዋ ሆና ልቧ መስኮቱ ጋ ይሄድ ነበር። ጥርጣሬ በአንድ ቀን አይነቀልም። ክር መወጠር ያማራት ጊዜ ነበር፤ አልወጠረችም።

አንድ ጠዋት ከቅጠሎቹ መካከል የጣት ጥፍር የምታህል አዲስ ቡቃያ ወጥታ ተገኘች። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው፣ ዓይን ይበላታል ሳይሉ፣ በደንብ አዩዋት።

"ዛሬ አጠጣሻት?" አሉ እማማ ስንዱ።

"አላጠጣኋትም።"

"እኔም" አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

ጥርጣሬ ሁልጊዜ ክፉ አያሠራንም። አንዳንዴ ደግ ሥራ ያሠራናል፤ ግን ደብቀን፣ ሌላው የሠራውን ሳናውቅ እላዩ ላይ እየደገምን። ሁለት ሰዎች አንድን ነገር እየወደዱ፣ አንዱ የሌላውን ፍቅር ስላላመነ ብቻ የወደዱትን ሊገድሉት ይችላሉ። አንዲት ጥያቄ ትበቃቸው ነበር፤ "አጠጣሻት ወይ?" ብሎ መጠየቅ። እኔ እንዳልረሳው ጻፍኩት፤ እናንተ ደግሞ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱት።

በእናንተስ ቤት፣ ተነጋግራችሁ ስለማታውቁ ብቻ እየሞተ ያለ ነገር ይኖር ይሆን?