የሊኔዮ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ልትሉኝ አትቸኩሉ፤ የዛሬው ተረቴ ላምም ጅብም የለበትም። ያለበት አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው መጋዘን ውስጥ ነው፤ መጋዘኑ አዳማ ከሚገኝ አንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በጋሽ ደምሰው ኪስ ውስጥ ነው። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በዚህ ትምህርት ቤት ሊኔዮ የምትባል ልጅ ትማር ነበር። አገሯ ሌሶቶ ነው፤ ዙሪያውን በደቡብ አፍሪካ የተከበበ፣ ብርዱ ከእኛ ደጋ የማይተናነስ ተራራማ አገር። በግቢው ውስጥ ከሌሶቶ የመጣች እሷ ብቻ ናት። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ ሳምንት ያከብራል፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ምግባቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ዘፈናቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ኬንያውያን ብዙ ናቸው፤ ጠረጴዛ አላቸው። ደቡብ ሱዳናውያን ብዙ ናቸው፤ እነሱም ጠረጴዛ አላቸው፣ ያውም ረጅሙን። ሊኔዮ ግን አንድ ናት። አምና «ለአንድ ሰው ደግሞ ምን ጠረጴዛ ያስፈልጋል?» ተባለችና ድስቷን በእጇ እንደያዘች ቆማ ዋለች። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሣ ድስቷ ውስጥ ጨመረላት። ማንም ሳይቀምስላት ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች፤ አለቀሰችም።

ዘንድሮ ትመረቃለች። ከዘንድሮ በኋላ ወደ አገሯ ነው፤ ሌላ ዓለም አቀፍ ሳምንት የላትም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ አንዲት ጠረጴዛ። ጠረጴዛዋ ላይ የምታስቀምጠው ሞቶሆ ይባላል። የማሽላ ዱቄት ይቦካል፣ ይበስላል፣ ከዚያ በኩባያ ይጠጣል። አጥሚት ነው እንዳልላችሁ ይጎመዝዛል። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ያስለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ኩባያውን የሚነጥቃችሁ ሰው ጠላታችሁ ነው።

በዓሉ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ሊኔዮ ለሙከራ የሠራችውን ሞቶሆ በትንሽ ድስት ይዛ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ምን ያህል ጠረጴዛ ይበቃሻል ቢሉኝ ድስቱን አሳያቸዋለሁ ብላ ነው።

«ጋሽ ደምሰው፣ አንድ ጠረጴዛ ይስጡኝ» አለች።

«ለአንቺማ ሁለት በሰጠሁሽ ልጄ» አሉ የመጋዘኑ ኃላፊ። ጋሽ ደምሰው ጠረጴዛ እንደ ልጅ ይወዳሉ። «ግን ድንኳን ሳይተከል መጋዘን አልከፍትም። ዝናብ የመታው ጠረጴዛ እግሩ ያብጣል። አንድ የሚያነክስ አለኝ፤ ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።»

እንግዲህ ድንኳን ካልተተከለ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ጠረጴዛ አይወጣም፤ ጠረጴዛ ካልወጣ የሊኔዮ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?

ሊኔዮ ድስቷን ይዛ ወደ ሜዳው ሄደች። ድንኳን ተካዩ ቶሎሳ በተጠቀለለ ሸራው ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«ወንድም ቶሎሳ፣ ድንኳኑን ትከልልኝ» አለችው።

«የት ልትከለው እህቴ? መድረኩ የታለ?» አላት። «የዚህን አገር ንፋስ ታውቂው የለም ወይ? የድንኳኑን ጀርባ ከመድረኩ ጋር ካላሰርኩት፣ ነገ ወንጂ ድረስ ሄጄ ነው የምለቅመው። መድረክ ይሠራና በአንድ ትንፋሽ እተክልልሻለሁ።» ሸንኮራውንም ከፍሎ ሰጣት።

እንግዲህ መድረክ ካልተሠራ ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ካልተተከለ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ጠረጴዛ አይወጣም፤ ጠረጴዛ ካልወጣ የሊኔዮ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?

ሊኔዮ ድስቷን በአንድ እጇ፣ ሸንኮራዋን በሌላው ይዛ ወደ አናጢው ሄደች። ኑረዲን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጣውላውን ደርድሮ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ኑረዲን፣ መድረኩን ለምን አትሠራውም?»

«ስንት የክብር ወንበር እንደሚወጣበት ሳይነገረኝ?» አለ ኑረዲን። «አጥብቤ ብሠራው አንዱ የተከበረ ሰው ከነወንበሩ ተንከባሎ ይወድቃል። አስፍቼ ብሠራው ጣውላው አይደርስልኝም። ወንበሩ ይቆጠርና መዶሻዬን ታያለሽ።»

እንግዲህ ወንበር ካልተቆጠረ መድረክ አይሠራም፤ መድረክ ካልተሠራ ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ካልተተከለ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ጠረጴዛ አይወጣም፤ ጠረጴዛ ካልወጣ የሊኔዮ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ሊኔዮ የሥራ አመራር ትምህርቷን አስታወሰች። በመጽሐፉ ውስጥ «ማስተባበር» የሚል አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ፈተናውንም በከፍተኛ ውጤት አልፋለች። መጋዘን እንዴት እንደሚያስከፍቱ ግን አንድም መስመር የለበትም። ይህን ያስተማሯት መምህራን ራሳቸው በዚያ ሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጠው ድንኳኑ እስኪተከል ይጠብቁ ነበር።

ወንበር የምትቆጥረው ፍሬወይኒ ናት። እንግዳ መቀበልና ማስቀመጥ የእሷ ሥራ ነው፤ በዚህ ሥራዋም ፀጉሯ ያለ ዕድሜው ሊሸብት ምንም አልቀረው።

«ፍሬዬ፣ ወንበሩን ቁጠሪው» አለቻት ሊኔዮ።

«የኔ ቆንጆ፣ መሃል ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሳይነገረኝ ከየት ልጀምር? ቀኝም ግራም የሚታወቀው ከመሃል ነው። ተሳስቼ አንዱን ትልቅ ሰው ወደ ጫፍ ብገፋው ዓመቱን ሙሉ ሰላም አይለኝም። መሃሉን የሚያውቁት ዲኗ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዝም ብለዋል።»

እንግዲህ መሃሉ ካልታወቀ ወንበር አይቆጠርም፤ ወንበር ካልተቆጠረ መድረክ አይሠራም፤ መድረክ ካልተሠራ ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ካልተተከለ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ጠረጴዛ አይወጣም፤ ጠረጴዛ ካልወጣ የሊኔዮ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?

ሊኔዮ ደረጃውን ወጥታ የዲኗን የዶክተር ሐረገወይንን ቢሮ አንኳኳች። ዶክተር ሐረገወይን ግንባራቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀምጠዋል።

«መሃሉማ የመምህር ይርዳው ነው» አሉ። መምህር ይርዳው ትምህርት ቤቱን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ፣ ዲኗንም በልጅነታቸው ያስተማሩ አዛውንት ናቸው፤ ቤታቸው ከግቢው ጀርባ ነው። «ስልክ ደወልኩላቸው፤ ‹አይ ልጆቼ፣ ተዉኝ› አሉኝ። አስተማሪዬን እንዴት አድርጌ ላስቸግር? ታዲያ እሳቸው በሕይወት እያሉ ሌላ ሰው መሃል ማስቀመጥ ነውር ነው። ባዶውን ልተወው ብል ደግሞ ሟርት ይመስላል። ምን ይሻለኛል ልጄ?»

እንግዲህ ሽማግሌው ካልመጡ መሃሉ አይታወቅም፤ መሃሉ ካልታወቀ ወንበር አይቆጠርም፤ ወንበር ካልተቆጠረ መድረክ አይሠራም፤ መድረክ ካልተሠራ ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ካልተተከለ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ጠረጴዛ አይወጣም፤ ጠረጴዛ ካልወጣ የሊኔዮ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?

አያችሁልኝ? በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው የለም። ሰነፍም የለም። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ለሰው ክብር የሚጨነቅ ነው። እንዲህ በጨዋነታቸው ተሳስረው ሰዓቱ ይነጉዳል፤ ሜዳው ላይ ግን ከንፋስና ከአንዲት ፍየል በቀር ምንም የለም። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው እኮ ቢያንስ በርበሬው ላለው ነው።

ሊኔዮ በጓሮ በኩል ወጥታ የመምህር ይርዳውን በር አንኳኳች። ከፈቱላት። አየቻቸውና ገረማት፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ ጫማቸው ተወልውሎ ያብለጨልጫል። የሚሄዱበት ግን የላቸውም፤ ከስልኩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ነገ ለበዓላችን ይምጡልን» አለች።

«አይ ልጄ፣ ተዪኝ» አሉ።

ሌላው ቢሆን «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ይመለስ ነበር። ሊኔዮ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ፎጣውን ፈታች፣ ሞቶሆውን በኩባያ ቀዳች።

«እንግዲያው ይህን ይቅመሱልኝ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አይ፣ አይሆንም።»

«በሞቴ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «በሞቴ ማለትን ማን አስተማረሽ?»

«የማደሪያ ጓደኞቼ» አለች። «መጀመሪያ ሰሞን ‹ብዪ› ሲሉኝ ‹አይ› እላቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም። በጣም እናደድ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እናንተ ‹አይ› ስትሉ ደግመሽ አንኳኪ ማለታችሁ ነው።»

መምህር ይርዳው ኩባያውን ተቀብለው ጠጡ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተፈታ። «ይጎመዝዛል» አሉና ባዶውን ኩባያ ዘረጉላት። «ጨምሪበት።»

ሁለተኛውን እየጠጡ እንዲህ አሏት። «ሐረገወይን ደውላልኝ ነበር። እንደ ወጉ ‹ተዉኝ› አልኳት። ‹እሺ፣ እንዳሉ› ብላ ዘጋችው። በቃ። ልብሴን አስተኩሼ ስልኩን ስጠብቅ ይኸው አለሁ፤ ደግሞ የጠራኝ የለም። አንዴ ጠርቶ መተው እኮ ባትመጣም ግድ የለንም ማለት ነው። አሁንስ ለማንም አላስፈልግም ብዬ ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሊኔዮ የማይፈለግ ሰው ሆኖ መዋል ምን እንደሆነ ታውቃለች። «ለእኔ ያስፈልጉኛል» አለቻቸው። «ጠረጴዛ እንዳገኝ።»

«ጠረጴዛ? እኔ ጠረጴዛ ከየት አመጣለሁ?»

«እርስዎ ካልመጡ መሃሉ አይታወቅም» አለች ሊኔዮ በጣቷ እየቆጠረች። «መሃሉ ካልታወቀ ወንበር አይቆጠርም፤ ወንበር ካልተቆጠረ መድረክ አይሠራም፤ መድረክ ካልተሠራ ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ካልተተከለ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ጠረጴዛ አይወጣም፤ ጠረጴዛ ካልወጣ ደግሞ የእኔ ሞቶሆ የት ይቀመጥ?»

መምህር ይርዳው አፋቸውን ከፍተው ሰሟት። «እና የዚህን ሁሉ ገመድ ጫፍ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ። ሊኔዮ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። «ስለዚህ ይምጡ ጋሼ። በሞቴ!»

«እሺ» አሉ።

እሺ ይበልጣል ከሺ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ፤ ነገን ማን ይጠብቃል ብለው ያኔውኑ ተነሡ። ዶክተር ሐረገወይን በመስኮት አይተዋቸው ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ፤ ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

«መምህር፣ እኔ እኮ እንዳላስቸግርዎ ብዬ…»

«አስቸግሪኝ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው ቀና እያደረጓቸው። «ሌላ ማን አለኝ የሚያስቸግረኝ?»

ሽማግሌው ሲመጡ መሃሉ ታወቀ፤ መሃሉ ሲታወቅ ፍሬወይኒ ወንበር ቆጠረች፤ ወንበር ሲቆጠር ኑረዲን መድረክ ሠራ፤ መድረክ ሲሠራ ቶሎሳ ድንኳን ተከለ፤ ድንኳን ሲተከል ጋሽ ደምሰው መጋዘን ከፈቱ፤ መጋዘን ሲከፈት ጠረጴዛ ወጣ፤ ጠረጴዛው ሲወጣ ሊኔዮ ድስቷን አስቀመጠችና ክንዷን አሳረፈች።

በማግስቱ በዓሉ ተከፈተ። መምህር ይርዳው መሃል ላይ ተቀመጡ፣ ንግግሩን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ፣ ሁለት ጊዜም አንቀላፉ። ንግግር ሲያልቅ ከመድረኩ ወርደው ሌላ የትም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሊኔዮ ጠረጴዛ ሄዱ። እሳቸው ሲሄዱ ዲኗ ተከተሉ፤ ዲኗ ሲሄዱ እንግዶቹ ተከተሉ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ተማሪው ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ተከተለ። ሊኔዮ ቀዳች፣ አጠጣች፣ ቀዳች። ፊቱን ያልጨማደደ የለም፤ ጨምሪበት ብሎ ኩባያውን ያልዘረጋም የለም። «አገርሽ የት ነው?» ለሚላት ሁሉ ተራራውን፣ በረዶውን፣ ፈረሱን ነገረች። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ሌሶቶ፣ ሌሶቶ ስትል ዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትልቁ ድስት ተጠርጎ አልቋል።

ያን ጊዜ ጋሽ ደምሰው ከየጠረጴዛው የለቃቀሙትን ምግብ በሳህን ሞልተው መጡ። ቶሎሳም ኑረዲንም ፍሬወይኒም ከኋላቸው አሉ። ጋሽ ደምሰው ጠቅለል አድርገው ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ዘረጉላት።

«አፍሽን ክፈቺ ልጄ።»

«አይ ጋሼ፣ ጠግቤያለሁ» አለች ሊኔዮ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

«ትንሽ ብቻ።»

«አይ፣ አያስቸግርዎ። አይሆንም።»

እርስ በርስ ተያዩ። ይቺ ልጅ መቼ ነው እንዲህ የእኛ የሆነችው? ከዚያ አራቱም በአንድ አፍ «በሞቴ!» አሉ።

ሊኔዮ እየሳቀች፣ ዓይኗም እያነባ፣ አፏን ከፈተች።

ተረቴም ይኸው ነው። «በቃን፣ ጠግበናል» ብትሉኝ አላምናችሁም።